ውሸታም ፍለጋ ወደ አዲስ ቅዳም

ወደ አዊ የሄድኩት ውሸታም ልይዝ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ምክንያቱም ከአምስት ቀን በኋላ ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ብርቱ ጉንፋን፣ አንድ ፌስታል ድንችና እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ላብ ላብ የሚያሰኘኝ ኀፍረት ነው። እናንተ ያንን አገር ላታዩት ትችላላችሁ። እኔም ብሆን ሥራ ባያስገድደኝ ኖሮ ከኮተቤ ተነሥቼ አዲስ ቅዳም ድረስ ጭቃ የማቦካ ሰው አልነበርኩም።

ሥራዬ የዝናብ ቁጥር ነው። በየገጠሩ፣ በትምህርት ቤት ግቢም ሆነ በሰው ጓሮ፣ የዝናብ መለኪያ የቆመላቸው ሰዎች አሉ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያ ብርጭቆ ለክተው ይጽፋሉ። ጽሑፉ እኛ ቢሮ ይመጣል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ሳተላይት ከላይ ካየው ጋር ይነጻጸራል፤ በመጨረሻም ተመራማሪም ሆነ ተማሪ፣ የፈለገ ሁሉ በነጻ እንዲያወርደው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ሳተላይቱ ደመናውን ያያል እንጂ ብርጭቆ ይዞ አይለካም፤ ለዚያ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ግን በአሥር ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድም ቀን የዝናብ መለኪያ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቀበሌ የሃያ ሦስት ዓመት የዝናብ መዝገብ ፎቶ ኮፒው በካርቶን ሲመጣ ነው። ሌሎቹ ጣቢያዎች የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ይሄኛው ግን በእኛው፣ በመስከረምና በጥቅምት ነበር። የማስገቢያውን ሰንጠረዥ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን አስገቡ፣ እኔ መስመሩን አሰመርኩ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ክረምቱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቀን እየቀደመ ይመጣል! ስብሰባ ላይ ቀዩን መስመር ግድግዳው ላይ አብርቼ «የአየር ንብረት ለውጥ ማለት ይህ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል ኮሪደሩ ጠበበኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጎረቤት ጣቢያዎቹ፣ ዳንግላና እንጅባራስ፣ እንዲህ ይላሉ?»

አይሉም። እንዲያውም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያቺ ጣቢያ መጋቢት ላይ ዶፍ፣ ነሐሴ ላይ ደረቅ ትላለች። አዊ ውስጥ ነሐሴ ደረቅ! ግኝቴ ተናደ። ሲናድ ታዲያ እኔ ላይ እንዳይወድቅ ሌላ ሰው ፈለግኩ። መዝጋቢዋ ወይዘሮ እታገኘሁ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዘጠኝ ዓመት የመዘገቡት ባላቸው ሲሆኑ ከዚያ ወዲህ ያለው የእርሳቸው ነው። «ሴትዮዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ከጭንቅላቷ እያወጣች ነው የምትጽፈው» አልኩ። ደብዳቤውንም ራሴ አረቀቅኩት፤ መዝገቡ እምነት የማይጣልበት ስለሆነ ሃያ ሦስቱም ዓመት ከሕዝብ መረጃው ይሰረዝ፣ መለኪያውም ተነቅሎ ይመለስ የሚል። አለቃዬ ፈረሙና «ያረቀቅከው አንተ ነህ፣ የምታደርሰውም አንተ ነህ» አሉኝ።

ሐሙስ

ጊዜው ሐምሌ አጋማሽ ነው። የሳምንቱ የዝናብ ካርታ ከእጄ የወጣው ዋዜማውን ነበር፤ አዊ አካባቢን «ከተለመደው ያነሰ» ብዬ ቢጫ ቀብቼዋለሁ። በራሴ ካርታ ተማምኜ ጃንጥላዬን ቤት ተውኩ፣ ካሙሽ ጫማዬን ተጫማሁ፣ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ዳንግላ የሚመለሱ አንዲት ነጋዴ ሴት ነበሩ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሥራዬን ጠየቁኝ።

«የዝናብ መረጃ ላይ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«እና ጃንጥላህስ?»

«ትንበያው ዝናቡ ያንሳል ይላል።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝና ከዳቦ ቆሏቸው ዘገን አድርገው ሰጡኝ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን። ቡሬን ስናልፍ መስኮቱ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ቲሊሊ ላይ ዶፍ ሆነ። ኮተቤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከዚያ አቧራው ይመጣል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ ሰው ልብሱን የሚያነሣበት ጊዜ አለው። እዚያ ግን ዝናቡ ሰላምታ አያውቅም። የአውቶቡሱ ጣሪያ ሲደበደብ እንቅልፍ ጣለኝ። መውረድ የነበረብኝ እንጅባራ ነው። ስነቃ ዳንግላ ደርሻለሁ።

«ምነው ሳይቀሰቅሱኝ!» አልኳቸው ሴትዮዋን።

«ረዳቱ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ እኔም ልነካህ ነበር። አፍህን ከፍተህ እንደ ሕፃን ስትተኛ ጊዜ አንጀቴን በላኸው» አሉኝ።

ካሳ ይሁንህ ብለው በጋሪ ወደ አንዲት ዘመዳቸው አልጋ ቤት ላኩኝ። ጋሪ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ኮተቤ ታክሲ ለመያዝ ተጋፍቶ፣ በክርን ተደቁሶ ነው፤ ዳንግላ ላይ ጋሪው ራሱ መጥቶ ቆመልኝ። እግሬ አዳለጠኝና በአንዱ በኩል ወጥቼ በሌላው በኩል ወረድኩ። ባለጋሪው፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ምንም ሳይስቁ አንሥተው አስቀመጡኝ። መሳቅ የጀመሩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

«መቼ የሚያባራ ይመስልዎታል?» አልኳቸው፣ ሙያዬን ደብቄ።

የፈረሱን ጆሮ አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «እስከ ነገ ማታ የለም።»

እኔ ለዚያ ካርታ ሦስት ቀን ሠርቻለሁ። የእርሳቸው ቀና ብሎ በማየት አለቀ፣ ልክም ሆነ።

ዓርብ

ጠዋት ስነሣ አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ጫማዬ ውሃ ቋጥሯል። ደብዳቤው ግን በቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ደህና ነው። ወደ አዲስ ቅዳም ልሂድ ብዬ ስወጣ የአልጋ ቤቷ ባለቤት በሩ ላይ ቆመች።

«እንዲህ እየተንቀጠቀጥክ የትም አትሄድም።»

«የመንግሥት ሥራ ነው፣ እቸኩላለሁ።»

«መንግሥት አይሞትም። አንተ ግን ትሞትብኛለህ፣ እኔ ደግሞ አስከሬን የምልክበት አላውቅም።»

ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ቀጥቅጣ አመጣች። ማር ኮተቤ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ግማሹ ስኳር ነው የሚባልለት ነገር ነው፤ የእሷ ግን ሰፈፉ ጥርሴ ላይ ቀረ። ሽሮ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሥቼ ሽሮ በላሁ። ቀኑን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃው ቢጫውን ካርታዬን እያሰብኩ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ስሄድ ቢያንስ ለመድኃኒቱ ልክፈል ብላት ተቆጣች።

ቅዳሜ

በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ገባሁ፤ የገበያ ቀን ነው። መንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያ እንደ ግንብ ተደርድሯል፣ ከበስተጀርባው ደግሞ ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖታል። ኮተቤ አንዲት ጣሳ ከሰል ይዤ ስደራደር የኖርኩ ሰው አፌን ከፍቼ ቆምኩ። አንድ ከሰሉን ሸጦ ፈረሱን የሚያስር ገበሬ ጠጋ ብዬ የቀበሌውን ስም ጠራሁለት።

«ማንን ፈልገህ?»

«ወይዘሮ እታገኘሁን።»

«የዝናቧን እታገኘሁን! ጎረቤቴ ናቸዋ!» ስሙ ይስማው ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል። «ከየት ነህ?»

«ከአዲስ አበባ፣ ከዝናብ መረጃ ቢሮ።»

ፊቱ በራ። «እሰይ! ሽልማት ይዘህ ነው! ባላቸው መምህር አለኸኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቢሮ አንድ ቀን ይመጣሉ ይሉ ነበር። እኛ ድንች ስንተክል እትዬን ሳንጠይቅ አንተክልም እኮ።»

«አይ፣ ሽልማት እንኳ…» ስል ፈረሱን እየሳበ ሄዷል። መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ ለግማሹ በአማርኛ፣ ለግማሹ በአዊኛ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ አበሠረ። አዊኛውን ባልሰማም እጁ ወደ ቦርሳዬ ሲጠቁም ይገባኛል። እኔም ፈሪ ነኝና፣ በየመንገዱ እየሰገድኩ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ቦርሳው ውስጥ ያለው የስንብት ደብዳቤ ነው።

አንዲት ጅረት አለች፣ በድንጋይ ላይ እየተረገጠ የምትሻገር። ይስማው ሦስቴ ረግጦ ተሻገረ። እኔ ሁለቴ ረገጥኩ። ካሙሽ ጫማዬ ከሥሬ ሄደና ከነቦርሳዬ ጋደም አልኩበት። ይስማው በአንገትጌዬ ጎትቶ ሲያወጣኝ «ሽልማቱ አልረጠበም?» አለኝ።

ወይዘሮ እታገኘሁ በር ላይ ቆመው ነው ያገኘናቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ስልሳ ዓመት የተሻገሩ ሴት ናቸው። ከራስ እስከ እግሬ ጭቃ ለብሼ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት» ስላቸው «ይታያል» አሉ፤ «ይግቡ፣ እሳቱ ጋ ይቀመጡ።» ልብሴን አስወለቁኝ። ከሳጥን የባላቸውን ሱሪና ጋቢ አወጡልኝ። ሱሪው አጠረኝ፣ ጋቢው ግን ሞቀኝ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ የሰውዬውን የዘጠኝ ዓመት ሥራ ልሰርዝ ሄጄ የሰውዬውን ሱሪ ለብሼ የተቀመጥኩት።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ጠላ መጣ፣ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር መጣ። የእኛ ሰፈር ድንች ወጥ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ ነገር ነው፤ የእንጅባራና የአዲስ ቅዳም አካባቢ ድንች ግን ራሱን ችሎ የሚበላ እንግዳ ተቀባይ ነው። አምስት በላሁ። «አፈር ስሆን አንዲት ይጨምሩ» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ፤ ስድስት ሆነ። ይስማው ተነሥቶ ምርቃት የመሰለ ንግግር አደረገ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። መናገር ነበረብኝ። «ዝርዝሩን ነገ…» ብዬ ሳል ያዘኝ። ሳሉ የእውነት ነበር፣ ግን ትንሽ አስረዘምኩት።

እሁድ

ስነሣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ወይዘሮ እታገኘሁ ቅዳሴ ሄደዋል። ሌሊቱን እንደገና ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቷል። ውስጤ ያለው ሰይጣን ደስ አለው። እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ጋ ካልደረሱ በቃ፣ በራሳቸው ጥፋት ተያዙ ማለት ነው፤ የድንቹም ዕዳ ቀለለልኝ። ሱሪዬን መለኪያው አጠገብ ባለው አጥር ላይ ሰጣሁና ሰዓቴን እያየሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከተፍ አሉ።

«ማነው እዚያ ላይ ሱሪ የሰቀለ?»

«እኔ ነኝ፤ እንዲደርቅ ብዬ…»

«መለኪያው ራስ ላይ? የሱሪህን ጠብታ ልመዝግብልህ? እኛ ዛፍ እንኳ አላስጠጋነውም! አንተ የዝናብ ሰው ነህ?»

እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበር የሚሉኝ። ከሱሪው በኋላ አንተ ሆንኩ፣ እንደዚያው ቀረሁ። ሱሪዬን አቅፌ ስቆም ብርጭቆውን ሰጡኝ። «ና፣ ለካ።»

ውሃውን ገለበጥኩ፣ ቆሜ አየሁ። «ሠላሳ ሦስት።»

«ተንበርከክ። ዓይንህን ከውሃው ጋር አስተካክል። ከላይ ሲያዩት አይገኝም።»

ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት ነው። ደብተራቸውን አውጥተው በሦስት ዓምድ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ ማስታወሻውን። ማስታወሻው ላይ ያሰፈሩትን በትከሻቸው አጮልቄ አነበብኩ፦ «የአዲስ አበባ ሰው ጅረት ውስጥ ወደቀ።»

«ይሄም ይጻፋል?»

«ሆነ አይደል?»

ሰው ከጭንቅላቱ እያወጣ ቢጽፍ እንዲህ አይጽፍም። ይህ በልቤ መጣ፣ ግን የአሥር ዓመት ኩራቴ ቶሎ አልለቀቀኝም። በላስቲክ ስለጠቀለልኩት ከጅረቱ የተረፈውን የሰንጠረዥ ወረቀት አወጣሁ። «እስቲ ይዩልኝ። የእርስዎ መዝገብ ነው፤ ነሐሴ ደረቅ ነበር ይላል» አልኳቸው፣ እንደ መርማሪ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ነሐሴ ላይ አሳረፉ። «ይሄማ ነሐሴ አይደለም። ይቺን አውቃታለሁ፤ የገና ሰሞን የጣለች ካፊያ ናት።» ከዚያ ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምረው እየነኩ ቆጠሩ። «መስከረም… ጥቅምት… ኅዳር…» ነሐሴ ደረሱ። ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ፣ መልሰው ገለበጡት።

«ጳጉሜስ?»

«ምን ጳጉሜ?»

«ጳጉሜ ነዋ! የት አደረግሃት?»

አሥራ ሁለት ዓምድ። ሰንጠረዡን የገለበጥኩት ከፈረንጁ ቅጽ ላይ ነው፤ የወሮቹን ስም ብቻ ለውጬ ቁጭ። ጸሐፊዎቹ ጳጉሜን የሚያስገቡበት ቦታ ሲያጡ ትተዋታል። ማሽኑ ዓመቱን ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ነሐሴ ሠላሳን ጨርሶ አምስት ቀን ሲጎድለው ከሚቀጥለው መስከረም ወስዶ ሞላ። በዚህ ምክንያት ሁሉም ዝናብ በየዓመቱ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን፣ ያለጊዜው ቀደመ። በሃያ ሦስት ዓመት አራት ወር ሆነ። የሐምሌ ዶፍ መጋቢት ላይ ያረፈው እንዲህ ነው። ያ ያስጨበጨበልኝ ቀይ መስመር የኔ መዘንጋት ነበር። ደመወዝተኛ ሰው ጳጉሜን እንዴት ይረሳል? በዓመት አንዴ ያለ ደመወዝ የምንሠራባት ወር እኮ ናት፤ በየዓመቱ የማማርራት እኔው ነኝ!

«የረሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወይዘሮ እታገኘሁ ገቡና አንድ ያረጀ ደብተር ይዘው ወጡ። ገልጠው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። የጳጉሜ ገጽ ነው። አንድና ሁለት በመምህር እጅ፣ ቀጥ ባለ ውብ ቁጥር ተጽፈዋል። ሦስት ላይ ጽሑፉ ይለወጣል፤ ቁጥሩ ጎብጧል፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

«ይቺ የመጀመሪያዬ ናት» አሉ። «አለኸኝ በጳጉሜ ሁለት ዐረፈ። በማግሥቱ ሩፋኤል ነው፤ እሱ ቤት ውስጥ ተጋድሞ፣ ሰው እያለቀሰ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወጣሁ። ‹አበደች› አሉኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ገና ዝናቡ ላይ ይጠመቁ ነበር። እሱ ቁጥሩን ያስተማረኝ ታሞ ተኝቶ፣ እኔ እየለካሁ እሱ እየጻፈ ነው። ‹አንዲት ቀን እንዳትዘልይ፣ አንዲት ቀን ከዘለልሽ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል› ብሎኛል። አልዘለልኋትም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ዘለልሃት?»

የዚያች ገጽ ፎቶ ኮፒ እኮ ካርቶኑ ውስጥ ነበረች። ቢሮዬ፣ ከወንበሬ ሥር፣ ስድስት ወር ተቀምጣለች። እኔ አላየኋትም። እኔንም ልጅ እያለሁ እናቴ በጳጉሜ ሦስት እየገፋች ዝናብ ላይ ታስወጣኝ ነበር፤ ይህን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አስታወስኩና አለቀስኩ። ጉንፋን ነው ብል የሚያምነኝ አልነበረም።

ሳልጠየቅ ደብዳቤውን አወጣሁ። ቀለሙ በውሃ ፈሷል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ያረቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ ያልተነበበውንም በቃሌ ሞላሁት።

«ሃያ ሦስቱንም?» አሉ ስጨርስ።

«ሃያ ሦስቱንም።»

«ውሸታም ናት ብለህ?»

«አዎ።»

«ይህን መዝገብ ማነው የሚያየው?»

«ኢንተርኔት ላይ ነው የሚወጣው። የፈለገ ሁሉ፣ ዓለም ሁሉ።»

«ታዲያ ዓለም ሁሉ ሊሰማልኝ ነበር በለኛ» አሉና ተነሥተው ገቡ።

በቃ፣ አባረሩኝ ብዬ ሱሪዬን መፈለግ ጀመርኩ። ድንች በሳህን ይዘው ተመለሱ፤ ከሥሩ አንድ አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። «ብላ። ከበላህ በኋላ ጳጉሜዎቹን አንድ በአንድ ትቀዳለህ። እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

ቀኑን ሙሉ ያነበቡልኝን ጻፍኩ። ቁጥሩን ብቻ ስጽፍ «ማስታወሻውንስ?» ይሉኛል። ጥጃ ጠፋ፤ በረዶ ጣለ፤ ይስማው ቤት ልጅ ተወለደ። ወደ ማታ ይስማው ራሱ ብቅ አለና «እህሳ፣ ሽልማቱስ?» ብሎ ጠየቀ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ወይዘሮ እታገኘሁ ከደብተሩ ቀና እንኳ አላሉም።

«እየጻፈው ነው» አሉ።

ሰኞ

ይስማው እንደገና እንዳልወድቅ በፈረስ ላይ አስቀምጦ ጅረቱን አሻገረኝ። ወይዘሮ እታገኘሁ አንድ ፌስታል ድንች ሰጡኝ፤ ሱሪዬንም አጥበው፣ ከመለኪያው አርቀው፣ አድርቀውልኝ ነበር። ስልኬን በደብተራቸው ጀርባ አጻፉኝ። መለኪያው እቦታው ቀረ፤ ይህን በገዛ ሥልጣኔ ነው የወሰንኩት፤ ሥልጣን ባይኖረኝም።

እንጅባራ የደረስኩት በዚያን ቀን ነው፤ ከቀጠሮዬ አራት ቀን ዘግይቼ። ሰዎች ስለ ዘንገና ሐይቅ ይጠይቁኛል። በመኪና መስኮት አየሁት። ክብ ነው፣ ያምራል። እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው አለቃዬን ምን እንደምላቸው ነው።

ቢሮ ስደርስ ያንኑ ስብሰባ አስጠራሁ፤ ያው አዳራሽ፣ ያው ያጨበጨቡልኝ ሰዎች። ቀዩን መስመር ድጋሚ ግድግዳው ላይ አበራሁና ከየት እንደመጣ ተናገርኩ። አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የአየር ንብረት ለውጡ አንተ ነበርክ ማለት ነው» አሉ። ሳቁ ሁለት ፎቅ ታች ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ደብዳቤው ግን በዚያው ተሻረ፣ አዲስም ተጻፈ፤ መዝገቡ በሙሉ እንዲመለስ።

አሥራ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሃያ ሦስቱን ዓመት ለጸሐፊዎቹ አልሰጠሁም፤ በሁለት ጣቴ ራሴ አስገባሁ፣ ማስታወሻውንም ጭምር። ዛሬ ያንን መዝገብ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ የአለኸኝ እጅ የት እንደቆመ፣ የእታገኘሁ እጅ የት እንደጀመረ ያገኘዋል። በሐምሌ አንድ ቀን ላይ ደግሞ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት ከሚለው አጠገብ የአዲስ አበባ ሰው ጅረት ውስጥ መውደቁን ያነባል። ልሰርዘው አስቤ ነበር። ሆነ አይደል ብዬ ተውኩት።

በጳጉሜ ሦስት፣ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል፣ ከጀርባ ልጆች ሲጮኹ ይሰማል።

«ዘንቧል» አሉ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ። «አሥራ ስምንት ነጥብ አራት። ቦታ አላት?»

«አላት፣ እትዬ። ከፍቼ እየጠበቅኳት ነው።»

«ጻፋ።»

ጻፍኩ። «ማስታወሻውስ ላይ ምን ልበል?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሎ?» አልኩ።

«‹ዘንድሮ ተቆጠረች› በል» አሉኝ።